ከደጁ እስከ ዮርዳኖስ ማዶ፦ የቅድስት ማርያም ግብፃዊት ሕይወት

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ከዴር ሡልጣን ገዳማችን ተነሥታችሁ፣ በአርባዕቱ እንስሳና በቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያን በኩል ጠባቡን ደረጃ ወርዳችሁ የጌታችን መቃብር ወዳለበት ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ስትወጡ፣ ከታላቁ በር በስተቀኝ፣ ወደ ላይ በሚያወጣው የድንጋይ ደረጃ ሥር አንዲት ትንሽ ጸሎት ቤት አለች። አብዛኛውን ጊዜ ዝግ ናት። ተሳላሚው ሁሉ ወደ ጎልጎታና ወደ ቅዱስ መቃብሩ ለመድረስ ስለሚቸኩል፣ ቆሞ የማን እንደ ሆነች የሚጠይቅ ጥቂት ነው። በግሪክ ኦርቶዶክሳውያን እጅ የምትጠበቀው ይህች ጸሎት ቤት በቅድስት ማርያም ግብፃዊት ስም የተሰየመች ናት። ቅድስቲቱ ወደዚህ ቤተ ክርስቲያን ልትገባ ወድዳ በደጁ ላይ የተከለከለች ሴት ነበረችና መታሰቢያዋ ከውጭ መሆኑ የተገባ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሙነ ሕማማት አንዲት እናት በዚያው ደረጃ አጠገብ ነጠላዋን ተከናንባ ተቀምጣ አገኘኋት። አብረዋት የመጡት ሁሉ ገብተው ነበር። ለምን እንዳልገባች ብጠይቃት፣ ስለት ተስላ ለብዙ ዘመን ገንዘብ አጠራቅማ እንደ መጣች፣ ነገር ግን ከበሩ ስትደርስ ያሳለፈችው ኑሮ በፊቷ ቆሞ እግሯ አልነሣ እንዳላት ነገረችኝ። ያን ጊዜ ለእርሷ የነገርኋትን ታሪክ ነው አሁን ለሁላችሁም የምጽፈው።

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት ልበል። ቅድስት ማርያም የቆመችበት ደጅ ዛሬ የምታዩት በር አይደለም። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ያሠራውና በ335 የተባረከው የመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን መግቢያው በስተምሥራቅ ነበር። ያ ሕንፃ በ614 ፋርሶች ኢየሩሳሌምን በያዙ ጊዜ ተቃጠለ፤ ታድሶ ከቆመ በኋላም በ1009 በግብፁ ገዥ በአል ሐኪም ትእዛዝ ፈረሰ። አሁን በስተደቡብ የሚታየው ፊት በ12ኛው መቶ ዓመት የተሠራ ነው። እንግዲህ የቅድስቲቱ እግር የቆመበት ስፍራ እናንተ ወደ ዴር ሡልጣን ለመውጣት በምታልፉበት፣ ቅመምና ልብስ በሚሸጥበት በዚያ የገበያ መንገድ በኩል ነበር ማለት ነው። ታሪኳን የጻፈው፣ አባቶች እንዳስተላለፉልን፣ ከ634 እስከ 638 የኢየሩሳሌም ፓትርያርክ የነበረው ሶፍሮንዮስ ነው፤ እርሱም ከገዳማት መነኮሳት አፍ የሰማውን ነው የጻፈው። እኛም በስንክሳራችን ሚያዝያ 6 ቀን እናስባታለን።

ማርያም የተወለደችው በግብፅ አገር ከክርስቲያን ወላጆች ነው። 12 ዓመት ሲሆናት ጠላት አሳታትና የእናት የአባቷን ቤት ትታ፣ በእስክንድርያ ከተማ 17 ዓመት በዝሙት ኖረች። በዚያ ኑሮዋ ገንዘብ አልፈለገችም፤ ከብዙዎች ዋጋ አትቀበልም ነበር። የዕለት ጉርሷን የምታገኘው በልመናና የተልባ እግር በመፍተል ነበር። ይህን ጸሐፊው ያለ ምክንያት አላነሣውም። ድህነት ገፋኝ፣ ሰው አስገደደኝ የምትልበት መንገድ አልነበራትም፤ በኋላም ኑሮዋን ለአባ ዞሲማስ ስትናገር አንድም ሰበብ አላቀረበችም። ለንስሐ የሚመጣ ሰው ብዙ ጊዜ ግማሹን ሰዓት የሚጨርሰው ሌላውን በመክሰስ ነው። እኔም በንስሐ አባቴ ፊት ተንበርክኬ የወንድሞቼን ጥፋት ስቈጥር ራሴን ያገኘሁበት ጊዜ አለ።

29 ዓመት ሲሆናት፣ በበጋ ወራት አንድ ቀን፣ ብዙ ሕዝብ ወደ ባሕሩ ዳር ሲጣደፍ አየች። ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቀች፤ ለበዓለ መስቀል ወደ ኢየሩሳሌም መሆኑን ሰማች። ልትሳለም አልተመኘችም። ለመርከብ የሚከፈል ገንዘብም አልነበራትም፤ ሰውነቷን ዋጋ አድርጋ ተሳፈረች፤ በመርከቡ ላይም፣ ኢየሩሳሌም ከገባችም በኋላ፣ በእስክንድርያ ትሠራው የነበረውን ያንኑ ኃጢአት ትሠራ ነበር። በኋላ ዘመን ይህን ስታስታውስ፣ ባሕሩ እንዴት እንደ ተሸከማት፣ ምድርም አፏን ከፍታ እንዴት እንዳልዋጠቻት ትደነቅ ነበር።

መስከረም 17 ቀን ደረሰ። ሕዝቡ ሌሊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ እርሷም አብራ ገሠገሠች። መስቀሉ ለሕዝብ በሚታይበት ሰዓት ከደጁ ደረሰች። ሌላው ሁሉ ያለ ችግር ይገባል፤ እርሷ ግን እግሯ ከመድረኩ ሲደርስ የማይታይ ኃይል ወደ ኋላ መለሳት። ሰው ገፍቷት መስሏት እንደ ገና በትከሻዋ እየተጋፋች ሞከረች። ሦስት ጊዜ፣ አራት ጊዜ ሞከረች፤ ጉልበቷ እስኪዝል ድረስ። በመጨረሻ ብቻዋን በአደባባዩ ማዕዘን ቆመች፤ ያን ጊዜ የልቡናዋ ዓይን ተከፈተና የከለከላት የገዛ ሥራዋ መሆኑ ገባት። ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ቀና ብትል የእመቤታችንን ሥዕል ከበላይዋ አየች።

ከዚህ የሚቀጥለውን ቃል ልብ በሉ። ማርያም በሥዕሉ ፊት ቆማ እመቤታችንን ዋስ ጠራች። የልጅዋን መስቀል አይታ ትሳለም ዘንድ ደጁ ቢከፈትላት፣ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ዓለሙን ትታ እመቤታችን ወደ መራቻት እንድትሄድ ቃል ገባች፤ ለዚህም ቃሏ ራሷን እመቤታችንን በልጅዋ ፊት ዋስ እንድትሆናት ለመነቻት። በአገራችን ዋስ መጥራት ምን እንደ ሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ባለዕዳው ቢጠፋ የሚያዘው ዋሱ ነው፤ ስለዚህ ሰው የሆነ ሰው ለራሱ ባያፍር እንኳ ዋሱን ላለማሳፈር ይጠነቀቃል። ማርያም ዳግመኛ ወደ በሩ ብትሄድ ያ የከለከላት ኃይል የለም፤ ገባች፤ ዕፀ መስቀሉንም ተሳለመች።

ያቺ እናት እስከዚህ ሰምታ ከተቀመጠችበት ተነሣች። ልትገባ ነበር። እኔ ግን ታሪኩ ገና መጀመሩ ነውና መልሼ አስቀመጥኋት።

ማርያም ከውስጥ ወጥታ ወደ ሥዕሉ ተመለሰች፤ ቃሏን የምትፈጽምበት ጊዜ መድረሱን ተናግራ ወዴት እንድትሄድ እንደሚገባት ጠየቀች። ከሩቅ ድምፅ ሰማች፤ ዮርዳኖስን ብትሻገር መልካም ዕረፍት እንደምታገኝ። ወዲያው ወጣች። በመንገድ አንድ የማታውቀው ሰው ሦስት መሐለቅ ሰጣት፤ በእርሱም ሦስት ዳቦ ገዛች፤ ወደ ዮርዳኖስ የሚወስደው መንገድ በየት በኩል እንደ ሆነም ዳቦ ሻጩን ጠየቀችው። እኔ ይህን ስፍራ ባነበብሁ ቍጥር እደሰታለሁ። መስቀሉን ባየችበት ዕለት፣ ገና ዕንባዋ ሳይደርቅ፣ የገበያ ሰው ይዛ መንገድ ትጠይቃለች። ከጥዋቱ 3 ሰዓት ገደማ መስቀሉን የተሳለመች ሴት ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ዮርዳኖስ ዳር ባለው በመጥምቁ በቅዱስ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ነበረች። በመኪና የሄዳችሁ ታውቁታላችሁ፤ ኢየሩሳሌም ከባሕር ጠለል በላይ 750 ሜትር ገደማ፣ ዮርዳኖስ ደግሞ ከባሕር ጠለል በታች 390 ሜትር ገደማ ነው። ያን ሁሉ ቍልቍለት በእግሯ ወረደች። ፊቷንና እጇን በዮርዳኖስ ታጥባ ሥጋውንና ደሙን ተቀበለች፤ ከአንዱ ዳቦ ግማሹን በልታ በመሬት ላይ ተኛች። በማግሥቱ በትንሽ ጀልባ ተሻገረች፤ ሁለት ዳቦ ተኩል ይዛ ወደ በረሓው ገባች። በዚያም 47 ዓመት ኖረች።

ሰባኪዎች ብዙ ጊዜ ከዚህ ዘለው ወደ ተአምራቱ ይሄዳሉ፤ በበዓል ቀን ጊዜው ስለሚያጥር አልፈርድባቸውም። ነገር ግን ከበረሓው ዘመን የመጀመሪያው 17 ዓመት፣ በኃጢአት የኖረችበትን ያህል ዓመት ማለት ነው፣ ከአራዊት ጋር እንደሚታገል ሰው ከገዛ አሳቧ ጋር የታገለችበት ነው። ደጁ ተከፍቶላታል፤ መስቀሉን ተሳልማለች፤ ሥጋ ወደሙን ተቀብላለች። ሆኖም የግብፅ ሥጋና ዓሣ ያምራታል። ትጠጣው የነበረው ወይን ይታሰባታል፤ በዚያ በረሓ ግን ውኃ እንኳ የምታጣበት ጊዜ ነበር። ለመጸለይ አፏን ስትከፍት የለመደችው የዘፈን ግጥም ይመጣባታል። የዝሙት ጾር እንደ እሳት በውስጧ ይነድዳል። ልብሷ በላይዋ አልቆ ቀን በሐሩር ሌሊት በውርጭ ተቃጠለች፤ ዳቦው እንደ ድንጋይ ደርቆ ጥቂት በጥቂት ካለቀ በኋላ ምግቧ የምድረ በዳ ቅጠል ሆነ።

ይህ ሁሉ ሲነሣባት ታደርግ የነበረው አንድ ነገር ነው። በመሬት ላይ ትወድቃለች፤ ዋሷን ታስባለች፤ እመቤታችን በፊቷ ቆማ ስለ ቃሏ እንደምትጠይቃት አድርጋ ታለቅሳለች፤ ብርሃን በዙሪያዋ እስኪያበራና ያ ማዕበል ጸጥ እስኪል ድረስ አንዳንዴ ቀንና ሌሊት ከወደቀችበት አትነሣም ነበር። ጸሎቷ ይህ ነበር። ዳዊት አልያዘችም፤ ፊደልም አልተማረችም። የሰዓታት ደወል፣ የሚያስነሣት አለቃ፣ አብሯት የሚቆም ወንድም አልነበራትም። በማግሥቱ ያው አሳብ ይመለሳል፤ እርሷም እንደ ገና ትወድቃለች።

ከእናንተ መካከል በዚህ አገር በሰው ቤት አረጋዊ የምታስታምሙ፣ ወጥ ቤት የምትሠሩ፣ ሌሊት ሕንፃ የምታጸዱ አላችሁ። ወደ ገዳሙ ስትመጡ አዘውትራችሁ የምትነግሩን ኀዘን፣ የጸሎት መጽሐፋችሁን መግለጥ እንዳልቻላችሁ፣ ቆማችሁ ስታደርሱም አሳባችሁ እንደሚበተን ነው። በልጅነቴ ዳዊት በቃሌ እየደገምሁ ያደግሁ ሰው ነኝና ይህን ለመረዳት ረጅም ጊዜ ወሰደብኝ፤ ምላሴ መዝሙሩን ሳይስት ልቤ ስለ ምሳ ሲያስብ ብዙ ጊዜ ደርሼበታለሁ። ለማርያም ግን የጸሎቷ ሰዓት ፈተናው የሚመጣበት ያ ሰዓት ነበር። ዕቃ እያጠባችሁ ክፉ አሳብ ቢመጣ፣ ዕቃው ባለበት ሆኖ ቃል የገባችሁለትን ጌታ ማሰብ ይቻላል። ደግሞ ይህን ሰምቶ ቅዳሴና ቍርባን አያስፈልግም የሚል ሰው ቢኖር ስቷል፤ ማርያም ወደ በረሓ የገባችው ተቀብላ ነው፤ ያረፈችውም ተቀብላ ነው፤ ይህን አሁን እናያለን።

በዚያ ወራት በፍልስጥኤም ገዳማት አባ ዞሲማስ የሚባል ካህን ነበረ። ከሕፃንነቱ ጀምሮ በምንኵስና አድጎ 53 ዓመት ሲሆነው፣ ከእርሱ የሚበልጥ፣ እርሱም ያላወቀውን ሥራ የሚያስተምረው መነኵሴ ይኖር ይሆን የሚል አሳብ አደረበት። የመዳን መንገድ ብዙ መሆኑን ያውቅ ዘንድ ተነሥቶ በዮርዳኖስ አጠገብ ወዳለው ገዳም እንዲሄድ ተነገረው፤ ሄደም። የዚያ ገዳም ሥርዓት ደስ የሚያሰኝ ነው። በዐቢይ ጾም መጀመሪያ እሑድ ሁሉም ተቀብለው፣ እርስ በርሳቸው ተሳስመው ይቅር ይባባላሉ፤ በሩን ከፍተው ከመዝሙረ ዳዊት 26ኛውን እየዘመሩ ዮርዳኖስን ይሻገሩና ይለያያሉ። አንዱ በለስ ወይም ተምር፣ ሌላው በውኃ የራሰ ምስር ይይዛል፤ ምንም የማይዝም አለ። ለሆሣዕና ይመለሳሉ፤ ከተመለሱም በኋላ ወንድም ወንድሙን ጾሙን እንዴት እንዳሳለፈ አይጠይቀውም። ይህችን የመጨረሻዋን ሥርዓት እኛም ብንይዛት መልካም ነበር።

ዞሲማስ 20 ቀን ያህል ወደ ውስጠኛው በረሓ ገሠገሠ። በቀትር ወደ ምሥራቅ ቆሞ ሲጸልይ በስተቀኙ የሰው ጥላ የመሰለ አየ። የሰይጣን ምትሐት መስሎት አማተበ። ነገር ግን ሰው ነበረ፤ ሰውነቱ ከፀሐይ የተነሣ የጠቈረ፣ ጠጕሩ እንደ ባዘቶ የነጣና ከአንገት የማያልፍ። ያ ሰው ሸሸ፤ ሽማግሌው እያለቀሰ ተከተለ። በመጨረሻ ከደረቅ ወንዝ ማዶ ሆና በስሙ ጠርታ፣ ሴት መሆኗንና ራቍቷን መሆኗን ነግራ፣ መጐናጸፊያውን እንዲጥልላት ለመነችው። ፊቱን አዙሮ ጣለላት። ስሙን ማን እንደ ነገራት እያሰበ ተንቀጠቀጠ፤ በፊቷም ወድቆ ቡራኬ ለመነ። እርሷም ወደቀች። ሁለቱም በምድር ላይ ሆነው፣ አንተ ካህን ነህ፣ አንቺ ጸጋ አለሽ በሚል ለረጅም ሰዓት ተከራከሩ። ዛሬ በእኛ መካከል ማን ይቅደም የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ በዚህ በኩል አይደለም።

ከዚያ በኋላ ክርስቲያኖች እንዴት እንዳሉ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዴት እንዳለች ጠየቀችው። ወደ ምሥራቅ ዞራ ስትጸልይ ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብላ አየና ደነገጠ። አስቀድመን የተናገርነውን ኑሮዋን ሁሉ ምንም ሳትደብቅ የነገረችው ያን ጊዜ ነው። በንግግሯ የቅዱሳት መጻሕፍትን ቃል ታነሣ ነበርና መጽሐፍ ተምራ እንደ ሆነ ጠየቃት፤ እንዳልተማረች፣ የእግዚአብሔር ቃል ራሱ ሰውን እንደሚያስተምር መለሰችለት። በሚመጣው ዓመት ጾም ዮርዳኖስን እንዳይሻገር፣ ይልቁንም በጸሎተ ሐሙስ ማታ ሥጋውንና ደሙን ይዞ በወንዙ ዳር እንዲጠብቃት ነገረችው። ለገዳሙ አበ ምኔት ለዮሐንስም መልእክት ላከች፤ በገዳሙ ሊታረም የሚገባው ነገር አለና ለራሱና ለመንጋው እንዲጠነቀቅ።

ዓመቱ ዞሮ ጾሙ ሲገባ ወንድሞች ተሻገሩ፤ ዞሲማስ ግን በንዳድ ታሞ ቀረ፤ የነገረችውም ትዝ አለው። በጸሎተ ሐሙስ ማታ ቅዱሱን ምሥጢር፣ ጥቂት በለስና ተምር፣ በውኃ የራሰ ምስርም ይዞ በወንዙ ዳር ተቀመጠ። ጀልባ የለም፤ በምን ትሻገራለች ብሎ ሲጨነቅ ከማዶ ታየች። በወንዙ ላይ አማትባ፣ በጨረቃው ብርሃን በውኃው ላይ እየተራመደች መጣች። ሊሰግድላት ቢወድ፣ ካህን ሆኖ ምሥጢሩን ተሸክሞ ሳለ እንዳይሰግድ ከለከለችው። ጸሎተ ሃይማኖትንና አቡነ ዘበሰማያትን ካደረሱ በኋላ ተቀበለች። ካመጣላት ምግብም ከምስሩ ሦስት ፍሬ ብቻ በጣቷ ጫፍ ወሰደች። በሚመጣው ዓመት መጀመሪያ ወደ ተገናኙበት ደረቅ ወንዝ እንዲመጣ ነግራው እንደ አመጣጧ ተመለሰች። ከሄደች በኋላ ስሟን አለመጠየቁ ትዝ ብሎት ተጸጸተ።

በሦስተኛው ዓመት ዞሲማስ ወደዚያ ስፍራ ሲደርስ፣ እጆቿን አጣጥፋ ፊቷን ወደ ምሥራቅ አድርጋ አርፋ አገኛት። በራስጌዋ በምድር ላይ ጽሑፍ ነበረ፤ የትሑቲቱን የማርያምን ሥጋ እንዲቀብር የሚለምን፣ ያረፈችበትንም ቀን የሚናገር። ዞሲማስ ስሟን ያወቀው በዚህ ነው። ያረፈችው በቈረበችበት በዚያው ሌሊት ነበር፤ በሮማውያን አቈጣጠር ኤፕሪል 1፣ በግብፃውያንና በእኛ አቈጣጠር ሚያዝያ 6 ቀን። እርሱ 20 ቀን የደከመበትን መንገድ እርሷ በጥቂት ሰዓት እንደ ሄደችው ያን ጊዜ አስተዋለ።

ምድሩ ደረቅ ነበረ፤ ሽማግሌውም መቈፈሪያ አልነበረውም። በወደቀ እንጨት ሲጭር ላቡ ወረደ፤ ምንም አልሆነለትም። ቀና ቢል አንበሳ በቅድስቲቱ አጠገብ ቆሞ እግሯን ይልሳል። ፈራ፤ ነገር ግን አማትቦ ጕድጓዱን እንዲቈፍር አዘዘው። አንበሳው በፊት እግሮቹ ማረ፤ ዞሲማስም አስቀድሞ በጣለላት በዚያ በተቀደደው መጐናጸፊያ ገንዞ ቀበራት። አንበሳው ወደ በረሓው፣ ሽማግሌው ወደ ገዳሙ ተመለሱ። ለወንድሞች የሆነውን ሁሉ ነገራቸው። አበ ምኔቱ ዮሐንስም ገዳሙን ቢመረምር እንደ ተናገረችው የሚታረም ነገር አገኘ፤ አረመውም። ዞሲማስ መቶ ዓመት እስኪጠጋው በዚያ ኖሮ በሰላም ዐረፈ።

ያቺ እናት ይህን ሁሉ ሰምታ ዕንባዋን በነጠላዋ ጠረገችና ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባች። ከሰዓት በኋላ ደረጃውን ወጥታ ወደ ዴር ሡልጣን መጣች፤ ወደ ዮርዳኖስ የሚሄደው አውቶቡስ ከየት እንደሚነሣም ጠየቀችኝ።

የእናታችን የቅድስት ማርያም ግብፃዊት ጸሎቷና በረከቷ ከሁላችን ጋር ይሁን፤ አሜን።